የቡድን ሥራው በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚያልቀው ለምንድን ነው?

ሰላም እህቴ፣ «ፕሮጀክት ስሰጣቸው በማስተምራቸው ቋንቋ ፈንታ በአፍ መፍቻቸው ያወራሉ፤ ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ብቻ ያስገባሉ፤ ወደ ሰዋስው ትምህርቴ ልመለስ ወይ?» ላልሽው፣ እባክሽ አትመለሺ። እኔንም ለዓመታት ያስቸገረኝ ይኸው ነው። ችግሩ ከተማሪዎቹ ሳይሆን ከምሰጣቸው ሥራ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

«ስለ ጤና ፖስተር ሥሩ» ስላቸው አንዱ የሚያውቀውን ሌላውም ያውቀዋል፤ ታዲያ ምን ብሎ ይጠይቀው? የቋንቋ ማስተማር ምሁሩ ፕራብሁ ከ1979 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሕንድ በተካሄደው የባንጋሎር ፕሮጀክት በተባለ የእንግሊዝኛ ማስተማር ሙከራ የክፍል ሥራዎችን በሦስት ዓይነት ክፍተት ለይቷቸዋል፦ የመረጃ (አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቀውም)፣ የማመዛዘን (ከተሰጠው መረጃ አስቦ አዲስ ነገር ማውጣት) እና የአስተያየት (የራስን ስሜትና አቋም መግለጽ)። እሱ የማመዛዘኑን ቢያስበልጥም እኔ ከጀማሪዎች ጋር የምነሳው ከመረጃው ነው።

ለምሳሌ ሁለት ተማሪዎችን ጀርባ ለጀርባ አስቀምጬ ለእያንዳንዳቸው የተለያየ የሳምንት ፕሮግራም እሰጣለሁ፤ የሚገናኙበትን ሰዓት መፈለግ አለባቸው፣ ወረቀት ማሳየት ክልክል ነው። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ የጓደኛዋ ቀጠሮ ካልተዛወረ እንደማይሆን ገባት፤ «ልታዛውሪው ትችያለሽ?» የምትልበት ቃል ግን አልነበራትም። «ሐኪም... ማክሰኞ... ሐሙስ?» እያለች በእጇ ከወዲህ ወዲያ ታሳያለች፤ ጓደኛዋ ደግሞ አታያትም። ሥራው ሲያልቅ ያንን የትሕትና መጠየቂያ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ፣ ገልብጡ ሳልል ደብተሯ ላይ አሰፈረችው። ሰዋስው አልቀረም፤ የሚመጣው ሲፈለግ ነው።

ከሥራው በኋላ ውጤቱን ለክፍሉ ያቅርቡ፤ ለዝግጅትም ጊዜ ስጫቸው። እርስ በርስ ሲያወሩ «ገባህ አይደል» ተባብለው ያለፉትን፣ ሰው ፊት ሊቆሙ ሲሉ «ይሄ ግስ ልክ ነው?» እያሉ ይጠይቁሻል። እኔ በቡድኖቹ መካከል በብዛት የምዞረው ያኔ ነው። አቅራቢውን በዕጣ ምረጪው፣ ስም ብቻ ማስገባት ይቀራል። የሚያዳምጡትም ሥራ ይኑራቸው፤ የሰሙትን ከራሳቸው ጋር አነጻጽረው ልዩነቱን ይጻፉ።

ፕሮጀክቱንም እንዲሁ ከፋፍዪው። ቡድኑ አራት ቢሆን፣ እያንዳንዱ አባል የተለያየ ሰው ቃለ መጠይቅ አድርጎ ይምጣ፤ የአራቱም መልስ ካልተሰማ የመጨረሻው ጽሑፍ አይጻፍም። አፍ መፍቻቸውን ግን ጨርሰሽ አትከልክዪ፤ ጀማሪዎች ሥራ ሲከፋፈሉ ጥቂት ደቂቃ ቢጠቀሙበት እኔ ዝም እላለሁ።

አሁን የያዝሽው ፕሮጀክት ምን እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ክፍተቱን የት እንደምናስገባ አብረን እናየዋለን።