አላኒኑ የት ሄደ?

ከሰበታ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ጥያቄሽን ለሌሎች አንባቢዎችም ባጭሩ ልድገመው። የጤፍ ቅጠል አድርቃችሁ ፈጭታችኋል። ፕሮቲኑ ወደ አሚኖ አሲዶች (አላኒን፣ ግላይሲን፣ ፊኒልአላኒን ወዘተ) እንዲፈርስ በ6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ110 ዲግሪ፣ 24 ሰዓት ቀቅላችሁታል። ከዚያ አሚኖ አሲዶቹን መጀመሪያ በአይሶፕሮፓኖል፣ ቀጥሎ በትራይፍሎሮአሴቲክ አንሃይድራይድ ዴሪቫታይዝ አድርጋችኋል፤ ማለትም በቀላሉ እንዲተኑ ሌላ ሞለኪውል ለጥፋችሁባቸዋል። በእናንተው ጋዝ ክሮማቶግራፍ (የተነኑትን አንድ በአንድ የሚለይ መሣሪያ) ስታዩት የፊኒልአላኒን ፒክ፣ መጠኑን የሚያሳየው ጉብታ፣ ግሩም ነው። አላኒንና ግላይሲን ግን አንድ ቀን ደህና፣ አንድ ቀን ድንክ። ውጭ አገር ተለክቶ የመጣው የካርቦን 13 (የከባዱ ካርቦን) ውጤትም በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ይዘላል። አለቃሽ «አልበሰለም፣ ሰዓቱን ጨምሪ» ብሎሻል።

አትጨምሪ። አሲዱ ቢሆን ኖሮ ፊኒልአላኒኑም አብሮ ያንስ ነበር። የጎደሉት ቶሎ የሚተኑት ናቸው፤ ከባዱ ቁጭ ብሏል። እንዲህ ሲሆን እኔ ሌላ ቦታ አልፈልግም፤ ናይትሮጅን እየነፋችሁ ፈሳሹን ወደምታተኑበት ማድረቂያ ነው በቀጥታ የምሄደው። አላኒንሽን ናይትሮጅኑ ጠርጎ ወስዶታል።

መጨረሻ ላይ ማሟሚያውን ዳይክሎሮሜቴን በ40 ዲግሪ የማሞቂያ ብሎክ ላይ «ድርቅ እስኪል» 15 ደቂቃ እነፋበታለሁ ብለሻል። ዳይክሎሮሜቴን በባሕር ጠለል እንኳ የሚፈላው 40 ዲግሪ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ዳይክሎሮሜቴኑም ወደ 32 ይወርዳል። ፕሮቶኮሉን የጻፈው ሰው የሰበታን ከፍታ ከየት ያውቃል?

የላክሽው ፎቶ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሲሊንደሩ ላይ ያለው ሬጉሌተር የብየዳ ቤት ነው። ከሱ ቀጥሎ የአትክልት ማጠጫ የመሰለ ጎማ አለ፣ ጫፉ ላይ በሱፐር ግሉ የተጣበቀ መርፌ። ማን እንደሠራው አልጠይቅም። እንዲህ ያለው ጎማ ከውስጡ የሚያወጣው ነገር ክሮማቶግራፉ ላይ ትርፍ ፒክ ሆኖ ይመጣል። ንፋሱም ከመብዛቱ የተነሳ ፈሳሹ መሃል ጉድጓድ ሠርቷል። ሁሉንም ንቀይው። ጥሩ ሬጉሌተር፣ የቴፍሎን ቱቦ፣ በመርፌ ቫልቭ የሚስተካከል ንፋስ። የፈሳሹ ፊት በትንሹ ከተንቀጠቀጠ በቂ ነው።

አሠራሩም ይቀየር። ከአሲዱ በኋላ ያለው ማድረቅ ላይ አትሳሺ፤ እዚያ አሚኖ አሲዶቹ ገና ጨው ናቸው፣ አይተኑም። የቀረ ውሃ ካለ አይሶፕሮፓኖሉን ያበላሽብሻል፣ ስለዚህ ፍጹም ደረቅ እስኪሆን አድርቂው። ከአይሶፕሮፓኖሉ በኋላ ቀስ በይ። ከአንሃይድራይዱ በኋላ ግን ብሎኩን እርሺው። ቫያሉን (ናሙናው ያለበትን ትንሽ ብልቃጥ) በረዶ ላይ አስቀምጪ፣ በቀስታ ንፊ፣ ታች ትንሽ ጠብታ ሲቀር አቁሚ። ወዲያው በኢታይል አሲቴት ሙይው።

አይሶፕሮፓኖሉን በአሴቲል ክሎራይድ እንደምታዘጋጂም ጽፈሻል። አሴቲል ክሎራይዱ ነው ወደ አልኮሉ የሚጨመረው፣ አልኮሉ ወደ እሱ አይደለም። ጠብ፣ ጠብ እያደረግሽ፣ በረዶ ላይ፣ ፊውም ሁድ (ጭስ መሳቢያው) ውስጥ። እናንተ ሰፈር መብራት እንደ ልቡ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ሁዱ ከቆመ ሥራው ይቁም፤ ብልቃጡን ክደኚና ውጪ።

አሁን የምወደው ነገር ላይ ልምጣ፤ ባልደረቦቼ ሲሰለቹብኝ ኖረዋል። አላኒን የራሱ ካርቦን 3 ብቻ ነው። አይሶፕሮፓኖሉ 3 ይጨምርበታል፣ አንሃይድራይዱ 2። ስለዚህ መለኪያው ውስጥ ከሚቃጠሉት 8 ካርቦኖች 5ቱ እንግዳ ናቸው። ነጭ ማኪያቶ ጠጥተሽ ስለ ቡናው እንደመፍረድ ነው። ወተቱን ካላወቅሽ ቡናውን አታውቂውም። ግላይሲን ይብሳል፤ 2 የራሱ፣ 5 የሰው። ፊኒልአላኒን ግን 9 የራሱ ስለሆነ 5ቱ እንግዶች ያን ያህል አይረብሹትም። እንግዶቹን በሂሳብ ስታወጪ ስህተቱም አብሮ ይባዛል። መለኪያው በሺህ 0.5 ቢሳሳት፣ አላኒን ላይ 1.3 ይሆናል፣ ግላይሲን ላይ 1.75፣ ፊኒልአላኒን ላይ 0.8 ገደማ። የአንሃይድራይዱን ካርቦን ለብቻው ለክቶ መቀነስም አይሠራም፤ ሲጣበቅ ቀላሉንና ከባዱን ካርቦን እኩል አያስገባም። መድኃኒቱ አንድ ነው። የካርቦን 13 መጠናቸው የታወቀ ንጹሕ አሚኖ አሲዶችን (ስታንዳርድ) ከናሙናው ጋር፣ በዚያው ቀን፣ ከዚያው ጠርሙስ ዴሪቫታይዝ ማድረግ። ጠርሙሱ መሃል ላይ ካለቀ ስታንዳርዱም እንደገና ይሠራ። ናይትሮጅን 15 (ከባዱ ናይትሮጅን) ሲለካ ይህ ጣጣ የለም፤ የሚጨመር ናይትሮጅን የለማ።

«ታዲያ የኔም ችግር ይኸው ይሆን?» ትይኛለሽ። መዝለሉን በከፊል ያብራራል። ፒኩ ማነሱን ግን አያብራራም፤ ሂሳብ ፒክ አያሳንስም። ለዚህ ነው ማድረቂያውን የሙጥኝ ያልኩት።

በአንድ ጠዋት አረጋግጪው። የስታንዳርድ ቅልቅል ሦስት ቫያል ላይ ክፈይ። አንዱን ጠብታ ሲቀረው አቁሚ። ሁለተኛውን ልክ ሲደርቅ አንሺ። ሦስተኛውን ከደረቀ በኋላ 10 ደቂቃ ጨምረሽ ንፊው። የአላኒንን ፒክ ለፊኒልአላኒን አካፍዪና ሦስቱን አወዳድሪ። ቁጥሩ እየወረደ ከሄደ ሌባውን ይዘሽዋል። ሦስቱም እኩል ከሆኑ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ያኔ ክዳኖቹን እዪ። «ቴፍሎን» ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ክዳን ተራ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ቫያሉ ቆሞ እያለ ውስጡ ያለው ይተናል። ትሪፕቶፋን ለምን የለም ላልሽው፣ አሲዱ ያጠፋዋል፣ አትፈልጊው።

ለሙከራው አዲስ አይሶፕሮፓኖል ካዘጋጀሽ ደግሞ፦ አሴቲል ክሎራይዱ ወደ አልኮሉ። በረዶ ላይ።