መልስ፦ ገጸ ባህሪዬን ሳለብሳት ታሪኩ ይቆምብኛል

ልብሷን ከራስ ጸጉሯ እስከ ጫማዋ አትዘርዝሪው። አንድ ነገር ብቻ ምረጪና ስራ ስጪው፣ ያኔ ታሪኩ አይቆምም።

ልጅቷ በ1960 ፒያሳ ፊልም ልታይ የምትገባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት ብለሻል አይደል፣ እንግዲያው ሚኒስከርቷን ያዢ። ሲኒማ ኢትዮጵያ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ጣል ታድርግ፣ መብራቱ ሲጠፋ ቀስ ብላ ታንሳው፣ በቃ ስለ ዘመኑም ስለሷም ነገርሽን። ደግሞ ያኔ አጭር ቀሚስ ቀላል ነገር አልነበረም፣ በዛው ዓመት መጋቢት ላይ እኮ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት ምክንያት ተማሪው ተቃውሞ አስነስቷል፣ ያንተ ያለህ የሚያስብል ትዕይንት ነው፣ እኔ ብሆን አላልፈውም ነበር።

ልጅቷ ወደ ድሬዳዋ የምትሄድበት ትዕይንት አለ ብለሻል፣ እሱንም እንደዛው አድርጊው። ከለገሃር በጠዋት ብርድ ሹራቧን ለብሳ ባቡር ትሳፈር፣ አዋሽ ስትደርስ ሙቀቱ ያስወልቃታል። ስለ መልክዓ ምድሩ ሌላ አንቀጽ አያስፈልግሽም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፣ የድሮ ፎቶ ስታዪ ዓመቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጪ። እኔ 1970 የሚል ፎቶ አይቼ ቤልቦተም የለበሱ ልጆች ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍሩ ጻፍኩ፣ ለካ ፎቶው በፈረንጅ ነው፣ በኛ 1962 መሆኑ ነው። በኛ 1970 ደግሞ ቀይ ሽብር ነበር፣ ሰዓት እላፊ ነበር፣ ሌሊት ማን ይወጣል። ሁለት ምዕራፍ እንደ አዲስ ጻፍኩ።