መልስ፦ ከመስታወት የተጣበቀ የጢስ ዓባይ ፎቶ ለኤግዚቢሽን እንዴት ይቀዳ?

ጥያቄው ከፍሬሙ መስታወት ጋር የተጣበቀ የጢስ ዓባይ ፎቶ ኤግዚቢሽን ላይ እንዲሰቀል፣ በመጽሔት እንዲወጣና ሠዓሊ እንዲሥለው እንዴት ይቀዳ የሚል ነው። ፎቶውን ለማላቀቅ አይሞክሩ፤ ከነመስታወቱ ይቅዱት። በቢላ ወይም በውሃ ከነካኩት ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን መስታወቱ ላይ ይቀርና እጅዎ ላይ ባዶ ወረቀት ይተርፋል።

1. ፍሬሙንና የጀርባውን ካርቶን ያውጡ። የመስታወቱን ፊት ብቻ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ፤ በጠርዙ ውሃ እንዳይገባ።

2. መስታወቱን ወደ ታች አድርገው በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ያድርጉት። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ይሁን፤ የወየበውን ለማስተካከል ይቀላል። ፖስት ካርድ የሚያህል ፎቶ በዚህ መጠን ከተነሳ እስከ ኤ3 ድረስ በደንብ ይታተማል፤ ለመጽሔቱማ ከበቂ በላይ ነው።

3. ምስሉ ከደበዘዘ (ቀጫጭኖቹ ስካነሮች ገጻቸውን የነካውን ብቻ ነው አጥርተው የሚያነሱት) በካሜራ ያንሱት። ፍላሽ ይጥፋ፣ ካሜራው ከላይ ቀጥ ይበል፣ ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይብራ። ካሜራው መስታወቱ ላይ ከታየ መሐሉ በተበሳ ጥቁር ጨርቅ ይከልሉት።

የሚሰቀለው ቅጂው ነው፤ ሠዓሊውም ከቅጂው ይሣል። ዋናው ለባለቤቱ ይመለስ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ፎቶው የተነሳበት ዓመት ላይ ነው። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከፎቶው ጀርባ «1964» ብቻ ተጽፎ ካገኙት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይታወቅም፤ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ማመንጫው ሥራ ከጀመረ ሰባት ስምንት ዓመት አልፎታል ማለት ነው። ለባለቤቱ ሳያሳዩ ከፎቶው ሥር የሚጻፈውን መግለጫ አያትሙ፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎንም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይጻፉ።