ሌንሱ ዓይን ላይ ከገባ በኋላ፦ ለወጣት የዓይን ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

መነጽር ያዘዛችሁለት ሰው ቁጥሩ ቢሳሳት ራሱን ያመዋል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ይስተካከልለታል። ኮንታክት ሌንስ ላይ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ኮርኒያ፣ ማለትም የዓይን ፊት ላይ ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅኑን በቀጥታ ከአየር ይስባል። እኛ ደግሞ ላዩ ላይ ፕላስቲክ እንለጥፍበታለን። ቁጥሩ ልክ ሆኖ፣ ታካሚው ጥርት አድርጎ እያየና እያመሰገነ፣ ኮርኒያው ከሥር እየታፈነ ሊሆን ይችላል። ኦፕቶሜትሪ ተመርቃችሁ ወደ ሌንስ ሥራ ለምትገቡ ሁሉ አጥብቄ የምነግራችሁ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ በዚህ ሙያ የምትበስሉት ሌንስ ያደረጋችሁለትን ዓይን ደጋግማችሁ መልሳችሁ ባያችሁ ቁጥር ነው።

ከአየሩ ልጀምር። አብዛኞቻችን የምንሠራው ደጋ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ለኮርኒያ የሚደርሰው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሆልደንና መርትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት መለኪያ መሠረት፣ ሌንስ ቀን ቀን ሲደረግ ኮርኒያ እንዳያብጥ የሌንሱ ኦክስጅን የማሳለፍ አቅም፣ ማለትም ዲኬ በቲ፣ ቢያንስ 24 መሆን አለበት፤ ተኝተው የሚያድሩበት ከሆነ ደግሞ 87። ይህ ቁጥር ለባሕር ጠለል አየር የወጣ ነው። ሄማ ከሚባለው ከድሮው ለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ ዲኬው፣ ማለትም ውፍረቱ ሳይታሰብ ፕላስቲኩ ራሱ ኦክስጅን የማሳለፍ አቅሙ፣ 9 ገደማ ነው፤ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ዲኬ በቲው እዚያው 9 ላይ ይቀራል። ለቆላም የማይበቃ ሌንስ ለደጋ እንዴት ይበቃል?

ካታሎግ ላይ የምታዩት ቁጥርም አያዘናጋችሁ። አምራቾች የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ ሩቅ ለማያይ ሰው የሚደረግ የማይነስ 3.00 ሌንስ መሃል ላይ ያለውን ነው። ታካሚያችሁ ማይነስ 9.00 ከሆነ የሌንሱ ዳር ከመሃሉ በጣም ይወፍራል፤ የሚታፈነውም ከሊምበስ (ኮርኒያና ነጩ የዓይን ክፍል ከሚገናኙበት መስመር) አጠገብ ያለው ዳሩ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ማይነስ ላለው ሰው፣ ዋጋው ቢጨምርም፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ገበያ የገባውን የሲሊኮን ሃይድሮጅል ዓይነት ምረጡ። ክትትል ላይ የላይኛውን የዓይን ቆብ ከፍ አድርጋችሁ ሊምበሱን እዩ። አዳዲስ የደም ሥሮች መግባት የሚጀምሩት ብዙ ጊዜ ቆቡ በሸፈነው በኩል ነው፤ ታካሚው ፊት ለፊት እያየ ብቻ ብትመረምሩት ታልፏችሁ ይሄዳል። ኮርኒያው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ላልጎበጠ ሰው የሚሠራውን ቶሪክ ሌንስ የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ሌንሱን ለማረጋጋት የወፈረው ክፍል ባለበት በታች በኩል ፈልጉ።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያስፈልገን ነገር ልለፍ። እኛ አገር ሌንስ ቅንጦት ነው የሚለው አስተሳሰብ ኬራቶኮነስ (ኮርኒያው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ የሚወጣበት በሽታ) ያለበትን ልጅ ይጎዳል። ይህ ልጅ በመነጽር ጥርት አድርጎ አያይም፤ አየር በሚያሳልፍ (ጋዝ ፐርሚየብል) ጠንካራ ሌንስ ግን ጥቁር ሰሌዳውን ያነባል። ብዙዎቹ ከልጅነት ጀምሮ በዓይን አለርጂ፣ በተለይ ቨርናል በሚባለው ከባድ ዓይነት፣ ሲሠቃዩና ዓይናቸውን ሲያሹ የኖሩ ናቸው። ስለዚህ ሌንስ ከማንሳታችሁ በፊት የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጡ። እብጠቶቹ ትልልቅ፣ ቀይና ንፍጥ ያዘሉ ከሆኑ መጀመሪያ አለርጂው ይታከም። ማሸቱም መቆም አለበት፤ እያሸ ሌንስ የሚያደርግ ልጅ ኮርኒያውን ይቧጥጣል፣ በሽታውም ይብስበታል። ኬራቶኮነሱ ገና እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ሌንስ አያቆመውም፤ ኮርኒያን የሚያጠነክረውን ክሮስ ሊንኪንግ የሚባል ሕክምና የሚሠራ ሐኪም ዘንድ ላኩት።

ጠንካራ ሌንስ ሲሞከር የሚፈጠረው ስህተት አብዛኛው ከችኮላ ነው። ሌንሱ እንደገባ እንባ ይጎርፋል፤ በዚያ ሰዓት የምታዩት ሥዕል ውሸት ነው። 20 ደቂቃ ያህል አስቀምጡት። ከዚያ የፍሎረሲን (በሰማያዊ ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራ ቀለም) ወረቀቱን ፕሪዘርቫቲቭ በሌለው ስቴራይል ሳላይን አርጥባችሁ የዓይኑን ነጭ ክፍል ነካ አድርጉ። በጠርሙስ የተቀመጠ የፍሎረሲን ፈሳሽ ለብዙ ታካሚ አትጠቀሙ፤ ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። ስሊት ላምፑን፣ ማለትም የዓይን መመርመሪያ ማይክሮስኮፑን፣ ሰማያዊ ብርሃን ላይ አድርጉና ፊት ለፊቱ ቢጫ ፊልተር ያዙ። ፊልተሩ ከሌለ ደብዛዛውን አረንጓዴና ጥቁሩን መለየት ስለሚያቅት ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

አረንጓዴው እንባ የተጠራቀመበት ነው፤ ጥቁሩ ሌንሱ ኮርኒያን የነካበት ወይም እንባው በጣም የሳሳበት ነው። ለኬራቶኮነስ የምትፈልጉት ሥዕል እንዲህ ነው፦ ሾጣጣው ጫፍ ላይ ላባ የነካው ያህል ስስ ንክኪ፣ ዙሪያውን ቀጭን አረንጓዴ፣ ቀጥሎ መካከለኛው ክፍል ላይ እንደገና ንክኪ፣ ጠርዙ ላይ ከ0.5 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ብሩህ አረንጓዴ ቀለበት። በእያንዳንዱ ጥቅሻ ሌንሱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀስ። ጫፉ ላይ ድቅድቅ ያለ ሰፊ ጥቁር ካያችሁ ሌንሱ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ ታካሚው ጥሩ ቢያይበት እንኳ አትተዉት፤ በዓመታት ውስጥ ጫፉን ጠባሳ ያደርገዋል። መሃሉ ላይ አረንጓዴ ኩሬ ከነአረፋው ከተቀመጠ ደግሞ ሌንሱ ከልክ በላይ ሾጧል። ጠርዙ ላይ ቀለበት ከሌለ እንባ መግቢያ አጥቷል ማለት ነው፤ ማታ ሌንሱ ተጣብቆ አልወጣም ይላል።

ሥዕሉ ካማረ ኦቨር ሪፍራክሽን ሥሩ፤ ይኸውም ሌንሱ ዓይን ላይ እያለ የቀረውን ቁጥር መለካት ነው። እዚህ ላይ ስሌቱን በቃል አትገምቱ። መሞከሪያው ቤዝ ከርቩ (የሌንሱ የውስጥ ጉብጠት ራዲየስ በሚሊ ሜትር) 6.80፣ ኃይሉ ማይነስ 8.00 ነው እንበል። በላዩ ላይ ማይነስ 6.00 ተጨምሮ ጥሩ አየ። የመነጽር ሌንሱ ከዓይን 12 ሚሊ ሜትር ከራቀ፣ 6.00 በ1.072 (1 ሲደመር 0.012 ጊዜ 6) ሲካፈል 5.60 ይሆናል፤ ስለዚህ ድምሩ ማይነስ 13.60 ነው፣ የሚታዘዘውም 13.50። ማይነስ 14.00 ብሎ ያዘዘ ሰው ግማሽ ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) አበላሸ። አሁን ደግሞ ቤዝ ከርቩን ወደ 6.70 አጠብቃለሁ ብትሉ፣ «በ0.05 ሚሊ ሜትር ሩብ ዳዮፕተር» የሚለው የትምህርት ቤት ሕግ እዚህ አይሠራም። ሕጉ የሚሠራው 7.80 አካባቢ ላሉ መደበኛ ኮርኒያዎች ነው። ራዲየስን ወደ ዳዮፕተር የሚቀይረውን ቁጥር፣ 337.5ን፣ ለሁለቱም አካፍሉ፤ 6.80 ላይ 49.63፣ 6.70 ላይ 50.37 ይመጣል። ልዩነቱ 0.74 ነው። ሌንሱ ሲጠብቅ ከሥሩ ያለው እንባ ፕላስ ስለሚሆን ማይነስ ትጨምራላችሁ፤ ትእዛዙ ማይነስ 14.25 ይሆናል። ሌንሱ ከውጭ ታዝዞ በሚመጣበት አገር የአንድ ስሌት ስህተት ተማሪውን ሳምንታት ከትምህርት ያዘገየዋል።

ኮርኒያው ጠንካራውን ሌንስ የማይሸከም ሆኖ ስክሌራል (ኮርኒያን ሳይነካ ነጩ የዓይን ክፍል ላይ የሚያርፍ ትልቅ ሌንስ) ከመረጣችሁ፣ ጎድጓዳውን ፕሪዘርቫቲቭ በሌለው ሳላይን አፉ ድረስ ሙሉት፤ ታካሚው ፊቱን ወደ መሬት ይድፋ። አረፋ ከገባ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ። በሌንሱና በኮርኒያው መካከል ያለውን ፈሳሽ ከሌንሱ ውፍረት ጋር እያነጻጸራችሁ ገምቱ፤ ሌንሱ 300 ማይክሮን ውፍረት ካለውና ፈሳሹ እኩል ከመሰለ እሱም 300 ገደማ ነው። በሰዓታት ውስጥ 100 ያህል ስለሚሰምጥ ጠዋት የሚበቃ የመሰለው ማታ ሊነካ ይችላል። ሲወጣ ቬንቱዛውን፣ ማለትም ሌንሱን የሚስበውን ትንሽ ጎማ፣ መሃል ላይ አትለጥፉ፤ ጠርዙ አጠገብ ይሁንና በአንድ በኩል ይነሣ።

ስለ ውሃ ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። «በንጹሕ ውሃ እጠበው» ብላችሁ እንዳትናገሩ። የቧንቧ ውሃ፣ የታሸገ ውሃ፣ ጄሪካን ውስጥ የከረመ ውሃ፣ ሁሉም አካንታሚባ የሚባል በዓይን የማይታይ ተውሳክ ሊኖርባቸው ይችላል፤ አንዴ ኮርኒያ ውስጥ ከገባ ሕክምናው ወራት ይፈጃል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ሌንሱን አስቀድሞ ያውጣ፤ ይህን በአክብሮት፣ እምነቱን ሳትነኩ ንገሩት። በቀን አምስቴ ውዱእ ለሚያደርግም ፊቱን ሲታጠብ ዓይኑን ጭፍን እንዲያደርግ፣ ውሃውም ደርቆ ሳያልቅ ዓይኑን እንዳይነካ አስረዱ። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ግን መታጠብ ብቻ አይበቃም፣ መድረቅም አለበት፤ እርጥብ ጣት ያንኑ ውሃ ሌንሱ ላይ ያደርሳል። በርበሬ የምትነካ ወይም ቃሪያ የምትከትፍ እናት ደግሞ ሌንሷን ከማብሰሏ በፊት ታድርግ፤ የሚያቃጥለው ነገር በዘይት እንጂ በውሃ ስለማይሟሟ አንድ ጊዜ በሳሙና መታጠብ አያስለቅቀውም። ማታ ስታወጣ ያንኑ ስሜት ዓይኗ ውስጥ ታገኘዋለች።

ሶሉሽን፣ ማለትም የሌንስ ማጽጃና ማስቀመጫ ፈሳሹ፣ ውድ ስለሆነ ሰው በትናንቱ ላይ ጨምሮ ይሞላበታል። የማስጠንቀቂያችሁን ግማሽ በዚህ ላይ አውሉት። አሮጌው ይደፋ፤ ሌንሱ መዳፍ ላይ 20 ሴኮንድ ይታሽ፤ የሌንሱ ማስቀመጫ ዕቃ በሶሉሽን ይለቅለቅ፣ ተገልብጦ ይድረቅ፣ በየ3 ወሩ ይቀየር። የክሊኒካችሁን መሞከሪያ ጠንካራ ሌንስም ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ስታዛውሩ ለዓይን ሌንስ በተዘጋጀ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ውስጥ፣ ማርከሻ ሳይጨመርበት፣ ቢያንስ 3 ሰዓት ነክራችሁ፣ በሶሉሽን አለቅልቃችሁ፣ ደረቁን አስቀምጡ። ማርከሻ ያልገባበት ፐሮክሳይድ ዓይን ውስጥ ከገባ ኮርኒያን ያቃጥላል፤ ጠርሙሱ ከሳላይኑ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ።

ዓይኑ ቀልቶ፣ ብርሃን እየፈራና እያመመው የመጣ ሌንስ ተጠቃሚ የዚያኑ ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ዓይኑን አትሸፍኑት። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ይጀምራሉ። ሱዶሞናስ ኮርኒያን በሁለት ቀን ሊበሳ ይችላል። ሌንሱንና ዕቃውን አትጣሉ፤ ለላቦራቶሪ ይላኩ። ሕመሙ ከሚታየው ነገር ጋር የማይመጣጠን ከሆነና «ሄርፒስ ነው» ተብሎ ያልዳነ ከሆነ አካንታሚባን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ለስላሳ ሌንስ ቀን ብቻ ከሚያደርጉ 10,000 ሰዎች በዓመት 4 ገደማ የኮርኒያ ቁስለት ሲይዛቸው፣ ተኝተውበት ከሚያድሩት ውስጥ 21 ያህሉን ይዟል።

በየኮስሞቲክስ ሱቁ ስለሚሸጠው ባለቀለም ሌንስ አጭር ነው የምለው። ለሠርግ ሙሽራዋ አድርጋው ለሚዜዋ የምታውሰው ሌንስ ዓይን ያጠፋል። ስትመጣ አትቆጧት፤ ብትቆጧት ሌላ ጊዜ ዓይኗ ቀልቶም አትመጣም። የኮርኒያዋን ጉብጠት በኬራቶሜትር ለኩላት፣ ልኳን ስጧት፣ አያያዙን አስተምሯት።

ስለ ራሳችሁ መማር ልጨርስ። ፈቃድ ለማሳደስ የሚጠየቀውን ተከታታይ ሥልጠና ውሰዱ፤ ግን የምስክር ወረቀት ብቻ ጥቁሩን ከአረንጓዴው መለየት አያስተምርም። አንድ ጠንካራ ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ ዓይን የኬራቶሜትር ንባብ፣ የሞከራችሁት ሌንስ፣ የሥዕሉ ንድፍ በቀለም እርሳስ፣ ያዘዛችሁት፣ ያ ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር ይጻፍ። ስልካችሁን ስሊት ላምፑ መመልከቻ ላይ አስጠግታችሁ፣ ታካሚውን አስፈቅዳችሁ፣ ፎቶ አንሱ። ቅላቱንና ቀለም የያዘውን ቦታ «ትንሽ» «ብዙ» እያላችሁ አትጻፉ፤ ከ0 እስከ 4 ባለው መመዘኛ ቁጥር ስጡ። በየ20 ዓይኑ ደብተሩን ገልጣችሁ ስንቱ በመጀመሪያው ሌንስ ተሳካ፣ ያልተሳካው ለምን ብላችሁ ቁጠሩ። ኬራቶኮነስ ላይ አብዛኛው ስህተታችሁ ወደ ጠፍጣፋው ካጋደለ ደብተሩ ይነግራችኋል፣ መምህር ሳይኖር። ለንባብ ደግሞ የብሪታንያ ኮንታክት ሌንስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ክሊር (CLEAR) በሚል ስም ያወጣቸው የጥናት ዳሰሳዎች አሉ፤ በወር አንዱን ይዛችሁ ከባልደረባ ጋር አንብቡ።

ክትትሉም በቀጠሮ ይሁን፦ አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር፣ ሦስት ወር፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ። ሲመጣ ሌንሱን ቢያንስ 4 ሰዓት አድርጎት የቆየ ይሁን፤ አውልቆ የመጣን ዓይን አይታችሁ «ደህና ነው» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ዕቃውንና የሶሉሽኑን ጠርሙስ ይዞ ይምጣ፣ ፊታችሁም ያውጣና ያስገባ። ከቀጠሮው የቀረውን ሰው ደውሉለት። ጠዋት መስታወት ፊት ሦስት ጥያቄ ራሱን እንዲጠይቅ ንገሩት፤ ዓይኔ አልቀላም? በደንብ አያለሁ? ይመቸኛል? አንዱ ላይ እንኳ ከተጠራጠረ ሌንሱን አውልቆ መነጽሩን ያድርግ፣ ወደ እናንተም ይምጣ። ስለዚህ ኬራቶኮነስ ያለበትም ቢሆን፣ የሚችለውን ያህል የሚያሳየው መነጽር ሳትሰጡት ከክፍላችሁ አይውጣ።