«ረዳት» የሴት ቃል ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ አዘዞ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። በቀደም አንድ ተሳፋሪ «ረዳት የሚባለው ለሴት ነው። ንግሥት፣ ቅድስት እንደሚባለው መጨረሻው ት ነው። አንተ መባል ያለብህ ረጂ ነው» አለኝ። መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ሰውዬው ት ስላየ ብቻ ነው የፈረደው። ንግሥትና ቅድስት ላይ ያለው ት በእርግጥ የሴት ነው፤ ንጉሥና ቅዱስ የሚባሉ ወንዶች አሏቸውና። የረዳት ወንድሙ ግን ጠላት ነው። ጠላ ካለው ጠላት፣ ረዳ ካለው ረዳት ወጣ። ጠላት የሴት ቃል ነው ያለኝ ሰው እስካሁን የለም። ወንድና ሴቱን የምንለየው ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ረዳቱ ሒሳብ ሰበሰበ፣ ረዳቷ ሒሳብ ሰበሰበች።

ት ከየት መጣ ካልከኝ፣ ከግዕዝ ይመስለኛል። በግዕዝ ጠላት ጸላኢ ነው፣ ሲበዛ ጸላእት ይሆናል፤ ረዳኢም በዚያው መንገድ ረዳእት ይላል። አማርኛ የብዙዎቹን ስም ወስዶ፣ መሀል ያለችውን እ ውጦ፣ ለአንድ ሰው ሰጠው። እንዲህ ከሆነ ዛሬ ረዳቶች ስንል ብዙው ላይ ብዙ እየጨመርን ነው ማለት ነው። ቃላቶች አትበሉ ብለው የሚቆጡ ሰዎች እዚህ ላይ ግን ዝም ይላሉ።

ረጂም ትክክለኛ ቃል ነው፣ ከዚያው ከረዳ የወጣ። ነዳ ነጂ እንደሚሆነው ሁሉ ደ ወደ ጀ ተለወጠና ረጂ ሆነ። ሥራቸው ግን ተለያይቷል። ረጂ ካለው ላይ የሚሰጥ ነው፣ ብር ይሁን ስንዴ፤ ረጂ ድርጅት፣ ረጂ አገር እንላለን፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ተረጂ አለ። ረዳት ግን ከዋናው ሰው ጎን ሆኖ አብሮ የሚሠራ ነው፦ ረዳት አብራሪ፣ ረዳት ዳኛ፣ ረዳት ፕሮፌሰር። ረጂ አብራሪ ቢባል ለማንም አይገባም። አንተንም ረጂ ቢሉህ የተሳፋሪውን ሒሳብ የምትከፍልለት ነው የሚመስለው።

ሳቁ ግን ቅር አሰኝቶኛል፣ ምክንያቱም ቃሉ ክቡር ቃል ነው። በግዕዝ ረድአ ማለት ረዳ ነው፣ የሚረዳው ሰው ረድእ ይባላል፣ ሲበዙ አርድእት። ከ12ቱ ሐዋርያት ቀጥለው የምንጠራቸው 72ቱ አርድእት ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ነው። በየገዳሙ አባቶችን የሚያገለግለውም ረድእ ነው። ልጆቻችንን ረድኤት ብለን የምንሰይመውም ከዚሁ ሥር ነው።

ምናልባት ሰውዬው ዘፍጥረት ምዕራፍ 2ን፣ አዳም ብቻውን እንዳይሆን ረዳት እንፍጠርለት የተባለውን አስቦ ይሆናል። እዚያ ረዳት የተባለችው ሔዋን ናት። ግን ያው መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙረ ዳዊት 46 ላይ አምላክን ራሱን በመከራ ጊዜ ረዳታችን ነው ይላል። ነው እንጂ ናት አይልም።

ሰውዬው ሌላ ቀን ከፒያሳ ከተሳፈረ፣ መልሱን ስትሰጠው «ጠላትስ የወንድ ነው የሴት?» ብለህ ጠይቀው።