መልስ፦ ሳፖሮ አካባቢ እዚያው የሚጠመቅ ቢራ

ሰላም ወንድሜ። ጃፓን፣ ሳፖሮ ስትሄድ ቢራውን እዚያው የሚጠምቅ ምግብ ቤት ነው የፈለግከው አይደል? እኔ ብሆን አጠገቧ ያለችው የወደብ ከተማ ኦታሩ ድረስ እሄዳለሁ። በባቡር ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ነው። በቀኝ በኩል ተቀመጥ፣ ባሕሩ ይታይሃል።

ቦዩ ዳር ካሉት አሮጌ የድንጋይ መጋዘኖች በአንዱ ውስጥ ኦታሩ ሶኮ ቁጥር 1 የሚባል ቢራ ጠማቂ ምግብ ቤት አለ። የመዳብ ጋኖቹ መሀል አዳራሹ ላይ ቆመዋል። አጠማመቁ የጀርመን ነው፦ ብቅል፣ ሆፕ (ቢራውን መራራ የሚያደርገው አበባ)፣ እርሾና ውሃ፣ በቃ። ጥቁር ቢራ ከወደድክ ዱንክል የሚባለውን እዘዝ። ቫይሱ (የስንዴ ቢራው) ሙዝ ሙዝ ይሸታል፣ ለእኔ አይመቸኝም።

በነገራችን ላይ እስከ 1994 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ በዓመት 2 ሚሊዮን ሊትር ለማይጠምቅ የቢራ ፈቃድ አይሰጥም ነበር። እነዚህ ትንንሽ ቤቶች የበዙት ከዚያ ወዲህ ነው።

ቲፕ አልተለመደም። መኪና ከተከራየህ ግን ጠብታም አትቅመስ።