ለድሬዳዋ ወጣት ደመወዝተኞች፦ የኦቨርድራፍት ዕዳ እየከፈሉ የሳምንት በጀትን ስለመጠበቅ

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣

የሥራ ዘመኔን የጨረስሁት እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ መጀመሪያ በባንክ የብድር ክፍል፣ በኋላም በድርጅቶች የሂሳብ ሥራ ላይ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ ከጀመሩ ብዙ ያልቆዩ የዘመድና የጎረቤት ልጆች ስልካቸውን ይዘው ይመጡና «ጋሼ፣ ደመወዜ ገብቶ ገና ሳልነካው እንዴት እንዲህ ይጎድላል?» ይሉኛል። ጥያቄው ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ስናገር የቆየሁትን አንድ ላይ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

በእኛ ጊዜ ኦቨርድራፍት፣ ማለትም ሂሳብ ላይ ካለው በላይ እስከ ተፈቀደ ገደብ ድረስ ማውጣት፣ የነጋዴ ጉዳይ ነበር። በመጋላ ወይም በቀፊራ የሚነግድ፣ ተንቀሳቃሽ ሂሳብና ቼክ ያለው ሰው ቤቱን ወይም መጋዘኑን ያስይዝና፣ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ የሚታደስ ገደብ ይፈቀድለታል። ወለዱ የሚታሰበው በተፈቀደለት ገንዘብ ሁሉ ላይ ሳይሆን በየቀኑ በተጠቀመበት ልክ ስለሆነ፣ ነጋዴው ዕቃ ሲያመጣ ያወጣል፣ ሲሸጥ ደግሞ ቶሎ ገቢ ያደርጋል። እኛም ገደቡን ከማደሳችን በፊት የምናየው አንድ ነገር ነበር፤ ሂሳቡ በዓመቱ ውስጥ ከዕዳ ወጥቶ ያውቃል ወይ? ዓመቱን ሙሉ ከገደቡ አፋፍ ሳይነሣ የከረመ ሂሳብ፣ ባለቤቱ ምንም ያህል ጨዋ ቢሆን፣ ገንዘቡ ንግድ ማንቀሳቀሱን ትቶ ጉድለት መሸፈኛ መሆኑን ይነግረን ነበር።

ዛሬ ያው አገልግሎት ወደ እናንተ ስልክ መጥቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በ2013 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድር፣ «ሳንዱቅ» የተባለውን ቁጠባና «እንደኪሴ» የተባለውን ኦቨርድራፍት ሥራ ላይ አዋለ። ቤት ማስያዝ የማይችል ልጅ ብድር ማግኘቱን እኔ በክፉ አላየውም፤ ሌሊት መድኃኒት ለመግዛት የጎደለውን ሞልቶ መክፈል የቻለ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል። ነገር ግን የነጋዴው ኦቨርድራፍት የተገዛበት ሽንኩርት ወይም ጨርቅ ተሸጦ ገንዘቡን ይመልሳል። የእናንተ ምሳ ግን ተበልቶ አለቀ፤ የሚመልሰው የሚቀጥለው ወር ደመወዝ ብቻ ነው፣ እርሱም ቢሆን ሌላ ሠላሳ ቀን ይጠብቀዋል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። እጃችሁ የሚገባው ደመወዝ 12,000 ብር ነው እንበል። የቤት ኪራይ 3,500፣ ለእናት የሚላክ 1,000፣ የቀረው 7,500 ብር መኖሪያ ነው። ካለፉት ወራት የተጠራቀመ 4,500 ብር የኦቨርድራፍት ዕዳ አለባችሁ። ደመወዙ በገባበት ቅጽበት ዕዳው ራሱ ይቆረጥና 7,500 ይቀራል። በዚያ ቀን ስልኩ ዕዳችሁ እንደተከፈለ ስለሚነግራችሁ ደስ ይላችኋል። ሆኖም ወሩን እንደ ልማዳችሁ በ12,000 ብር ከኖራችሁ፣ ወሩ ሲያልቅ ያው 4,500 ብር ጉድለት ላይ ተመልሳችሁ ትገኛላችሁ። ብዙ ልጆች «በየወሩ እከፍላለሁ፣ ግን አያልቅም» የሚሉት ለዚህ ነው። ዕዳው የሚቀንሰው በተቆረጠው መጠን ሳይሆን ከደመወዛችሁ በታች በኖራችሁበት መጠን ነው።

ስለዚህ ወሩን በ10,500 ብር መኖር ብትችሉ፣ በመጀመሪያው ወር ማብቂያ ጉድለቱ 3,000፣ በሁለተኛው 1,500፣ በሦስተኛው ባዶ ይሆናል፤ በመካከል የሚታሰበው ወለድና የአገልግሎት ክፍያ ጥቂት ሊያስረዝመው ይችላል። እዚህ ላይ አስቀድማችሁ ልታውቁት የሚገባ፣ ብዙዎችን ተስፋ ያስቆረጠ ነገር አለ። ከተቆረጠው በኋላ የቀረው 7,500 ብር ኪራዩንና የእናትን ድርሻ ከፍላችሁ 3,000 ብር ብቻ ስለሚተርፈው፣ ምንም ብትጠነቀቁ በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ኦቨርድራፍቱን እንደገና መንካታችሁ አይቀርም። ይህ ሲሆን «ያው ነኝ፣ አልተለወጥሁም» ብለው በጀቱን የሚጥሉ አይቻለሁ። አልተሸነፋችሁም። የዚያ ወር ሥራችሁ ኦቨርድራፍቱን አለመንካት ሳይሆን ከ3,000 ብር አለማለፍ ነው። ባንኩ ወይም ስልኩ የሚያሳያችሁን ገደብ እርሱትና የራሳችሁን የወሩን ገደብ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። የሚመለስበት ቀነ ገደብ ካለውም ከደመወዝ ቀናችሁ ጋር መግጠሙን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ክፍያው በቀን የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ የሳምንት ሸመታን በአንድ ቀን ማዘግየት እንኳ ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ሳምንቱ ልምጣ፤ ስህተቱ በብዛት የሚሠራው እዚህ ነውና። አብዛኛው ሰው የወሩን ገንዘብ ለአራት ይካፈላል። ከ10,500 ብሩ ኪራዩና የእናት ድርሻ ሲነሣ የሚቀረው 6,000 ብር ለአራት ሲካፈል ለሳምንት 1,500 ይደርሳል፤ ያማረ ቁጥር ነው። ነገር ግን የእኛ ወር ሠላሳ ቀን እንጂ ሃያ ስምንት ቀን አይደለም። አራቱን ሳምንት በሚገባ የጠበቀ ልጅ 29ኛውና 30ኛው ቀን ሲደርስ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ጠንቃቃ ሆኖ ሳለ፣ ምንም ሳያባክን፣ ስልኩ «ይቀጥሉ?» ሲለው ይቀጥላል። ከዚህ የተነሣ የሚመጣው ጉድለት በወር አራት መቶ ብር ያህል ሊሆን ይችላል፤ በዓመት ስታስቡት የአብዛኞቻችሁ ዕዳ ከየት እንደመጣ ይገለጥላችኋል። ስለዚህ የወሩን ገንዘብ ለሠላሳ ካካፈላችሁ በኋላ በሰባት አባዙት። 6,000 ብር በቀን 200፣ በሳምንት 1,400 ይሆናል፤ አራቱ ሳምንት 5,600 ሲወስዱ ለቀሩት ሁለት ቀናት 400 ብር ይተርፋል ማለት ነው። በሳምንት መቶ ብር መቀነስ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም የሚሰጥ ሌላ ሂሳብ በሥራ ዘመኔ ብዙ አላየሁም።

ሳምንቱን ቅዳሜ ጀምሩት። የሥራ ሰው ሰኞ ይጀምርና ቅዳሜና እሑድ ገንዘቡ ያለቀበት ሆኖ ይገኛል፤ ከጓደኛ ጋር የሚወጣው፣ ሸመታው፣ ሰርጉና ጥየቃው ያለው ግን በእነዚያ ቀናት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ቀፊራ ወጥታችሁ የሳምንቱን ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ዘይት ከገዛችሁ፣ የቀረው ገንዘብ ለትራንስፖርትና ለትንንሽ ነገር ብቻ ይሆናል፤ ሐሙስና ዓርብ ላይ ቢሳሳ እንኳ የቤት ምግብ አለ። ገንዘቡን ደግሞ ኦቨርድራፍት ካለበት ሂሳብ ላይ አትክፈሉ። ኦቨርድራፍት የሌለው ሌላ ሂሳብ ክፈቱና በየቅዳሜው 1,400 ብሯን ብቻ ወደዚያ አዛውሩ፤ ባለሱቁንም ባጃጁንም ከዚያ ክፈሉ። ባለቀ ጊዜ «በቂ ሂሳብ የለዎትም» የሚል መልእክት ይመጣል። ይህ መልእክት ለጊዜው ቢያሳፍርም፣ በሌለ ገንዘብ ዝም ብሎ ከሚከፍልላችሁ ሂሳብ በእጅጉ ይሻላችኋል።

ስለ ከተማችን ወጪ ጥቂት ልበል፤ ከሌላ አገር የመጣ የበጀት ምክር እኛን የማይገጥመን እዚህ ላይ ነው። የጫት ጉዳይ አለ። ልቆጣችሁ አልመጣሁም፤ ቃሚ በበዛበት ከተማ እየኖርሁ ያን ብል አትሰሙኝም። ነገር ግን «ለጫት ስንት ታወጣለህ?» ብዬ ስጠይቅ የሚነገረኝ ሁልጊዜ የእስሩ ዋጋ ብቻ ነው። በርጫው ላይ ተቀመጡና አስተውሉ፦ ከሰባት ሰዓት ሙቀት የተነሣ በእግር የሚደረስበት ቤት በባጃጅ ይኬዳል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ይመጣል፤ ለስላሳና ለውዝ ይከተላል፤ አንዱ ሲያጨስ ሌላውም ሲጋራ ያስገዛል፤ ሲመሽ ደግሞ ጨብሲ፣ የምርቃናው ማብረጃ መጠጥ፣ አለ። በወረቀት ላይ ብትጽፉት ከእስሩ ዋጋ የሚበልጥ ሆኖ ታገኙት ይሆናል። የምትቀንሱትን ቀን ራሳችሁ ምረጡ፤ እኔ የምለው ወጪው ሁሉ በጫት ስም ይመዝገብ ነው። ሙቀቱም ራሱ በጀት አለው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የውኃና የማራገቢያ መብራት ወጪ እንደ ጥር አይሆንም፤ ስለዚህ ዕዳ መክፈያውን 1,500 ብር በነዚያ ወራት 1,200 ብታደርጉት ከምትሰብሩት ይሻላል። ታይዋን ገበያ ስትዘዋወሩ የምታገኙት ርካሽ ዕቃም ርካሽ የሚሆነው ልትገዙት አስባችሁ ለወጣችሁት ብቻ ነው። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የተባለው ለስልክ ቀፎም ይሠራል።

ሳምንቱ የሚሰበርበት ጊዜ ይመጣል። ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም፣ የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም። ከ1,400 ብሩ ውስጥ መቶውን ለእንዲህ ያለ ነገር አስቀድማችሁ ለዩት፤ ካልወጣ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይሻገር። ከዚያ ካለፈና ሁለት መቶ ወይም ሦስት መቶ ብር ከጎደለ፣ ጉድለቱን በሙሉ በሚቀጥለው ሳምንት ላይ አትጫኑት፤ ለሦስት ሳምንት አከፋፍሉት። በአንድ ሳምንት ለመካካስ ብሎ ምሳ የዘለለ ልጅ፣ እሑድ ዕለት በአንድ ማዕድ የዘለለውን ሁሉ ሲያወጣ አይቻለሁ።

እቁብን በተመለከተ ሐሳቤ ከብዙ ሰው ይለያል። እቁብ ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን በኦቨርድራፍት ዕዳ ውስጥ ያለ ሰው ዕጣው መጨረሻ ላይ ከወጣለት፣ ለባንኩ እየከፈለ ለጓደኞቹ በነጻ ሲያበድር ከረመ ማለት ነው። አስቀድማችሁ ከገባችሁ አትውጡ፣ ስማችሁ ይበላሻል፤ ይልቁንም የእቁቡን ዳኛ አነጋግሩና ቀድሞ ከሚደርሰው ሰው ጋር ተራ መለዋወጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ችግራችሁን በግልጽ ከነገራችኋቸው ብዙ ዳኞች ይረዱታል። ቀድማችሁ ካገኛችሁ ግን ገንዘቡ ያርፍበት የነበረው ሶፋ ይቆይና ዕዳው ይዘጋ።

ወለድ በእምነታችሁ የማይፈቀድላችሁ ልጆች ወለድ አልባ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮችን እንደምትመርጡ አውቃለሁ፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምርጫው ሰፍቷል። የእናንተ ጉድለት ብዙውን ጊዜ የሚመዘገበው በባለሱቁ የዱቤ ደብተር ላይ ነው። ወለድ ባይኖረውም ሂሳቡ አንድ ነው፦ ደመወዝ ሲገባ ደብተሩ ይሰረዛል፣ ወሩ ሲጋመስ ደግሞ እንደገና ይከፈታል። ለባለሱቁም የወሩን ገደብ ንገሩት፤ ከዚያ ሲያልፍ እንዲያስታውሳችሁ ብትጠይቁት ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋም።

የመጨረሻው ነገር ጳጉሜ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለአሥራ ሁለት ወር ነው፤ ጳጉሜ አምስት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን ትዞርና የሚከፍላት የለም። በቀን 200 ብር ለሚኖር ሰው ይህ 1,000 ወይም 1,200 ብር ነው፣ በማግሥቱም እንቁጣጣሽና የትምህርት ቤት ወጪ ይከተላሉ። ዕዳውን ከጨረሱ ልጆች መካከል ጥቂት የማይባሉት በመስከረም ተመልሰው ሲገቡበት ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ቁልቢ የምትወጡ፣ ለረመዳንና ለአረፋ የምትዘጋጁም እንዲሁ ቀኑን ታውቁታላችሁ፤ ድንገተኛ አትበሉት። ለጳጉሜ ብቻ በየወሩ 85 ብር ብትለዩ ለአምስቱ ቀን ከነትርፉ ይበቃል፣ ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት ግን 100 ብር ለዩ፤ ለበዓሉ ደግሞ እንደ አቅማችሁ ጨምሩበት።

በሦስተኛው ወር ማብቂያ ጉድለቱ ባዶ ሲሆን፣ በዚያው ሳምንት ገደቡ እንዲቀነስ ወይም እንዲዘጋ አመልክቱ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አደርገዋለሁ ያለ አብዛኛው አላደረገውም። 1,500 ብሯንም ወዲያው ወደ መኖሪያ አትመልሷት። ሌላ ሦስት ወር በዚያው በ1,400 ብር ሳምንት ቆዩና ያችኑ 4,500 ብር በራሳችሁ ስም አስቀምጧት፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒት የሚያስፈልግበት ሌሊት ሲመጣ የምትበደሩት ከራሳችሁ ይሆናል፣ ስትመልሱም ለራሳችሁ ትመልሳላችሁ።